በጎጆ ዳገት የምትበራው መብራት

ጓድ አስተዳዳሪው ከጋራዡ በር አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። ከጎኑ የአጣሪ ኮሚቴው ሁለት አባላት አሉ፤ አንደኛው ፋይል በብብቱ ይዟል። የጋራዡ ኃላፊ ኦቦ ቶሌራ መኪናው ውስጥ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ሾፌሩ ኦቦ ፈይሳ ከፖሊሱ ጋር ከግንቡ ሥር ነው፤ ካቴና አላደረጉለትም፣ ጫማው ግን ክር አልነበረውም። ሚስቱ አዴ በዳቱ ከብረት በሩ ውጭ፣ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ቆማለች። መካኒኩ ሽፈራው እጁን አጣጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። እኔ በዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት ነበርኩ። ጫልቱ ከመኪናው ሥር፣ ከጥገና ጉድጓዱ ውስጥ ናት። ከላይ የሚታየው ሻሿ ብቻ ነበር።

ጫልቱ ያረፈችው ባለፈው ጥር ነው። ወሬውን የሰማሁት አምቦ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነበር። አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ «ያቺ የጎጆ ከተማዋ የሞተር ሐኪም አረፈች አሉ» አለቻት። ሽንኩርቴን መርጬ ጨረስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ በአራተኛው ቀን ለቅሶ ለመድረስ ተሳፈርኩ። እዚያ የሆነውን በቦታው እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ እሷን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ይህን በትክክል ማድረግ ደግሞ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም አልወዳትም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በዚያ ግቢ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። የመኪኖቹ መጻሕፍት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ኦቦ ቶሌራ በምሳ ሰዓት ወደ መስኮቴ ይመጣና «ሙሉነሽ፣ እስቲ ይህቺን ግለጭልኝ» ይለኝ ነበር። ቆቡን አውልቆ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ያዳምጣል። ስጨርስ «መጽሐፉ እንዲህ ካለ እንዲህ ነው» ብሎ ይሄዳል። እነዚያ የምሳ ሰዓቶች የእኔ ነበሩ።

ከዚያ በፊት፣ ገና እንደተቀጠርኩ፣ «ኦቦ ቶሌራ፣ እኔም ሥራውን ብማርስ?» ብዬው አውቃለሁ። እጆቼን ተመለከታቸው። «የአንቺ እጅ ለብዕር ነው። ቅባት አንዴ ከገባበት አይለቅም» አለኝ። የተናገረው እንደ ምርቃት ነበር፤ እኔም እንደ ምርቃት ተቀብዬ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ያዝኩ።

ጫልቱ የመጣችው ዕቃ ለማጠብ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች የጎጆ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም። ከበርሜል ግማሽ በተሠራ ገንዳ ውስጥ የተፈታታ ሞተር በናፍጣ ታጥባለች። ሁለተኛ ወሯ ላይ ከሸነን አንድ የጭነት መኪና እየጮኸ መጣ። ኦቦ ቶሌራና ሽፈራው ከፊት ቆመው ይከራከራሉ። እሷ ከገንዳዋ ቀና ሳትል፣ «ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ነው። መጥቶ ነው ፊት ላይ የሚጮኸው» አለች።

ሽፈራው ሳቀ። «እስቲ ነይ ዶክተር፣ መድኃኒት እዘዥለት።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ከሣጥኑ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳችና እጀታውን በጥርሷ ነከሰች። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፋ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ካቻቢቴውን ከነከሰች በኋላ ፊቷ ይለወጣል፤ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው ድምፅ እንደምትሰማ ዓይነት። ከፊት ጀምራ እያሳረፈች ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ከአፏ አውጥታ «እዚህ» አለች። ሲፈቱት አንድ ትልቅ ቡሎን ላልቶ ተገኘ፣ ከኋላ በኩል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር» የሚለው ስም ጸናላት፤ ሳቁ ግን ቀረ። ኦቦ ቶሌራ በገዛ እጁ መፍቻ ሰጣት። እጇን አላየም።

አንድ ቀን ጠየቅኋት። «በጥርስ ነው እንዴ የሚሰማው?»

«ጆሮ ግቢውን ሁሉ ይሰማል፣ አዴ ሙሉ። ጥርስ የነከሰውን ብቻ ነው የሚሰማው።»

ሌላም ልማድ ነበራት። የታመመውን ክፍል ከመንካቷ በፊት ጤነኛውን ታዳምጣለች። ሽፈራው ሰዓት ታባክኛለሽ ሲላት፣ «አባቴ በግ ሲታመምበት መጀመሪያ ጤነኛዋን በግ ነው የሚዳስሰው። የጤናውን ሳታውቅ በሽታውን በምን ታውቃለህ?» አለችው። ኦቦ ቶሌራ ይህን ሰምቶ ለሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ ሲያወራው ከረመ። እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩለትን ለማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት ወደ መስኮቴ መምጣቱን ቀስ በቀስ ተወ። እሱና እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጎጆ የበቀለ የተቀቀለ ድንች እየላጡ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። አምቦ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። ስለ ሞተር ነበር። ሌላ ወሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለእኔም ድንች ታመጣልኛለች። «ሆዴን ያመኛል» እላለሁ። ሁለቱን መስኮቱ ላይ ትታ ትሄዳለች። አንድም ቀን አልበላሁም ብል ውሸት ነው።

ሌላም የምናዘዘው አለ። አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጡ አንድ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ አገኘሁ። ዙሪያዬን አይቼ የእሷን ካቻቢቴ አነሳሁ፣ ነከስኩት፣ ሞተሩ ላይ አሳረፍኩት። ጥርሴ ተንቀጠቀጠ፣ አፌ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ፤ ከዚያ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ።

ወደዚያ መኪና ልመለስ። ፕሮጀክት ሊሠሩ መጥተው የነበሩ የውጭ አገር ባለሙያዎች ሲሄዱ ለመሥሪያ ቤታችን ያስረከቡት የቤት መኪና ነበር፤ ቱርቦ ያለው። እንዲህ ያለ የቤንዚን መኪና በዚያ አካባቢ ከዚያ በፊት አላየንም። ቱርቦው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር ይገፋለታል፤ መኪናው ዳገት ላይ እንደ ሜዳ ይሄዳል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሞተር መጥፎ ቤንዚን አይወድም። ቤንዚኑ ደካማ ወይም የተቀላቀለ ከሆነ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ሞተሩን ከውስጥ ያንኳኳዋል፤ ካልታወቀ ፒስተኑን ይበሳዋል። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ከሞተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ነገር አስረውበታል። ማንኳኳቱን ስትሰማ ቱርቦው እንዲቀንስ ታደርጋለች፤ በዚያው ቅጽበት ከመሪው ፊት ቀይ መብራት ይበራል። እኛ «ጆሮዋ» እንላት ነበር።

ባለሙያዎቹ ከሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺ መብራት ከጊንጪ ወደ ጎጆ በሚወስደው ዳገት ላይ መብራት ጀመረች። ሜዳ ላይ ትጠፋለች፣ ዳገት ሲጀመር ትበራለች፣ መኪናውም ይዳከማል። አንድ ቀን ጓድ አስተዳዳሪው ራሱ ተሳፍሮ ሳለ ድንች የጫነ መኪና ጥሩንባ ነፍቶ ቀደመው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ይህቺ መብራት ምንድን ናት?» ብሎ ፈይሳን ጠየቀው።

«እንጃ ጓድ» አለ ፈይሳ። «ዳገት አትወድም መሰለኝ።»

ቀልዱ አልተወደደለትም። በማግስቱ የመኪናው መጽሐፍ ወደ እኔ መጣ፤ መብራቷ ምን ማለት እንደሆነች በጽሑፍ ተርጎሜ እንዳቀርብ። ተረጎምኩ። «መብራቱ የሚበራው ቤንዚኑ ደካማ ወይም ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ነው» ብዬ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩ።

ቤንዚን ያኔ በኩፖን ነው። ሾፌሮች ቤንዚን ቀድተው ይሸጡና በምትኩ ላምባ ይጨምራሉ የሚል ወሬ በየቦታው ነበር። ኮሚቴው ወረቀቴን አንብቦ ፈይሳን በአሻጥር ከሰሰው፤ ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ወሰደው። ቅዳሜ ሪፖርቱ ተፈርሞ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ተወሰነ። በዚያ ጊዜ በአሻጥር ተከሶ አዲስ አበባ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አይናገርም ነበር። አራት ልጆች ነበሩት።

በዚያው በተረጎምኩት ገጽ ጀርባ ሌላ አንቀጽ ነበር። ይህቺ ጆሮ ብረት ሲመታ ትሰማለች እንጂ የቱ ብረት እንደሆነ አትለይም፤ ቤንዚኑ ጥሩ ሆኖ መብራቱ ከበራ፣ በኋላ የተገጠመና ሞተሩን የሚነካ ነገር እንዳለ ይታይ፣ ይላል። አንብቤዋለሁ። የተጠየቅሁት መብራቷ ምን ማለት እንደሆነች ነው፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ይበቃል ብዬ ተውኩት። በዚያን ቀን ክፋት አልነበረብኝም። ክፋቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ጫልቱ መስኮቴን ስታንኳኳ ነው።

«አዴ ሙሉ፣ ያንን ገጽ አንብቢልኝ እስቲ።»

«ለኮሚቴው የጻፍኩትን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ግን ኦቦ ፈይሳ ላምባ አልቀላቀለም።»

«በምን አወቅሽ?»

ከኪሷ ቤንዚኑን የሚለኩስ አንድ ካንዴላ አውጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። «ላምባ የሚጠጣ ሞተር ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይኸው ሽተቺው። ቡናማና ደረቅ ነው። ግን ጓዶቹ ካንዴላ አሽትቱ ብላቸው ይስቁብኛል። መጽሐፉ ሌላ የሚለው የለም?»

መጽሐፉን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ አነበብኩላት። ቀስ ብዬ፣ አጠራሬን አሳምሬ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ጀርባው ላይስ?»

«ስለ ዘይት ነው።»

መጽሐፉን አየች፤ እኔን አላየችም። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ድንቿን ትታልኝ ሄደች።

ፈይሳ እንዲታሰር አልፈለግሁም። የፈለግሁት ጫልቱ አንድ ጊዜ ስታጣው ማየት ነው፤ ያ ካቻቢቴ ምንም ሳይነግራት፣ ኦቦ ቶሌራም ቆቡን አውልቆ ወደ መስኮቴ ሲመለስ። ያኔ የጀርባውን ገጽ እገልጣለሁ፣ ፈይሳም ይፈታል ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። አዴ በዳቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ የምታልፈው በእኛ በር ነው። ሳህኗን ይዛ ስታልፍ አያታለሁ፤ ስትመለስም አያታለሁ፤ ሳህኑ አንዳንድ ቀን እንደሞላ ይመለስ ነበር።

ጫልቱ ሁለት ቀን ለፋች። ካንዴላዎቹን ሁሉ ለወጠች። የካንዴላዎቹ እሳት ትንሽ ዘግይቶ እንዲሰጥ አስተካከለች፤ እውነተኛ ማንኳኳት ቢሆን ይህ ዝም ያሰኘው ነበር። ይዘውት ወደ ጉደር መውጫ ዳገት ሄዱ፣ መብራቷ በራች። ቱርቦው እንደሚያፏጭ ሰምታ እሱንም ፈትታ ገጠመች። ካቻቢቴውን ነክሳ ቆሞ በሚሠራው ሞተር ዙሪያ ሁሉ ዞረች፤ ምንም አልሰማችም፣ ምክንያቱም መኪናው ቆሞ ሲሠራ የሚያንኳኳ ነገር የለም።

«ዶክተር፣ በሽተኛው በእጅሽ ሊሞት ነው» አላት ሽፈራው።

«እስካሁን አልሞተም። የሞተውንማ አንተ ጋ ነው የሚወስዱት።»

መልሱ አሳቃቸው፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ግንባሯ ላይ የቅባት መስመር ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። በመስኮቴ አየኋትና ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከነቱታዋ ወደ ጓድ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባች። ማኅተሙ ያልተቆረጠ አንድ በርሜል ቤንዚን እንዲፈቀድላትና ሁሉም ቆመው እንዲያዩ ጠየቀች። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ፣ «ካልሆነስ?» ሲላት «ካልሆነ ፈርሙ» ብላለች። «ነገ ጠዋት» አላት ጓድ አስተዳዳሪው። ከዚያ ያለፈ ጊዜ አልሰጣትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ እንደ ጻፍኩት ቆመናል። የመኪናው አሮጌ ቤንዚን ፈስሶ ታንከሩ ባዶ ሆኗል። ጓድ አስተዳዳሪው የበርሜሉን ማኅተም በገዛ እጁ ቆረጠ፤ አዲሱ ቤንዚን ተሞላ። ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በትልልቅ ድንጋይ ታግደዋል። ጫልቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

«ኦቦ ቶሌራ፣ መጀመሪያ ማርሽ ሳያስገቡ ይርገጡት።»

ሞተሩ ጮኸ። መብራቷ አልበራችም።

«አሁን ማርሽ ያስገቡ። ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙና ፍሪሲዮኑን ትንሽ ይልቀቁለት። ዳገት ላይ እንዳለ ይምሰለው።»

መኪናው ባለበት ተወጥሮ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። መብራቷ በራች። የኮሚቴው ሰው ፋይሉን ከብብቱ አወጣ።

«ቤንዚኑን እርስዎ ነዎት የከፈቱት፣ ጓድ» አለች ጫልቱ ከጉድጓዱ። «በዚህኛው ላምባ የለበትም። ታዲያ ለምን በራች?»

አሁንም ልታጣው ትችላለች፤ ቤንዚኑን ነጻ አወጣችው እንጂ ጥፋቱን አላገኘችውም፣ ኮሚቴው ደግሞ ያለ ጥፋተኛ ከዚያ ግቢ የሚወጣ አይመስልም ነበር።

«እንደገና» አለች። «ሁሉም ዝም ይበል።»

ኦቦ ቶሌራ እንደገና ረገጠ። ከመስኮቴ ሻሿ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኝ ነበር። የምታደርገውን ሳላይ አወቅሁ፤ ጤነኛውን እያስቀደመች፣ ነክሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ሻሿ ቆመ። ለብዙ ጊዜ ቆመ። እጇ ከጉድጓዱ ወጣና፣ «ሽፈራው፣ የግንቡን ኖራ አቀብለኝ» አለች። ለበዓል ግንብ የተቀባበት ኖራ በጣሳ ተርፎ ነበር። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ አቀበላት።

እዚህ ላይ ስለ «ጎጆ ጫማ» መናገር አለብኝ። የጎጆ መንገድ ድንጋይ የመኪና ሆድ ይሰብራል። ስለዚህ በእኛ ጋራዥ ወደዚያ የሚወጣ መኪና ሁሉ ከሞተሩ ሥር ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ ይታሰርለታል። ስሙ ጎጆ ጫማ ነው። አዲስ መኪና ሲመጣ ሳይታዘዝ ይሠራለታል፤ ከተሠራ በኋላ ማንም አያየውም፣ የመኪናው ገላ ይሆናል። ለዚህኛውም ባለሙያዎቹ እንደሄዱ አሠሩለት፤ ቡሎኖቹን ቆጥሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ መኪኖች ጆሮ አልነበራቸውም፤ ጫማቸው ቢነካቸውም የሚናገርባቸው የለም።

ጫልቱ ላሜራውን ከውስጥ በኩል ኖራ ቀባችው። ኦቦ ቶሌራ ለሦስተኛ ጊዜ ረገጠ፣ መብራቷ በራች፣ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ቡሎን ሲፈታ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ላሜራው ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ጮኸ። አንስታ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። በነጩ ኖራ መካከል የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ ተጠርጎ ብረቱ ያብረቀርቅ ነበር።

«አሁን ይርገጡት ኦቦ ቶሌራ። እንደ ቅድሙ። እንዲያውም ይበልጥ።»

ረገጠው። ሞተሩ ዘመመ፣ መኪናው ተወጠረ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። መብራቷ አልበራችም። ኦቦ ቶሌራ እግሩን ሳያነሳ ብዙ ቆየ። ሞተሩን ሲያጠፋው ከግንቡ ሥር ፈይሳ ተንበርክኮ ነበር፤ ፖሊሱ በክንዱ ይዞ አስነሳው።

ጓድ አስተዳዳሪው መጥቶ ላሜራውን በጫማው ጫፍ ነካው። «ምንድን ነው ይህ?»

«የእኛ ጫማ ነው ጓድ። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲዘም ይረግጠዋል። ጆሮዋ ቤንዚን ያንኳኳ መስሏት ትጮኻለች።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

ኦቦ ቶሌራ ከመኪናው ወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ጫልቱ ከጉድጓዱ ወጥታ በመካከላቸው ቆመች። «የጎጆ ድንጋይ ነው ያዘዘው» አለች። «እሱን ማሰር ቢችሉ መንገዱም ይቀልልን ነበር።»

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሳቀ፤ ጓድ አስተዳዳሪውም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ወደ መስኮቴ ዞረ። «ጓድ ሙሉነሽ፣ መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም?»

መጽሐፉ ከፊቴ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«መጽሐፉ የጎጆን መንገድ የት ያውቀዋል፣ ጓድ» አለች ጫልቱ። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነበር። አላየችኝም።

ፈይሳ በዚያው ቀን ተፈታ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሸነን ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አላገኘሁትም። በተከታዩ ሳምንት ጫልቱ መጽሐፉን ለጥቂት ቀን አውሺኝ አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሆነ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ዘንድ ይዛው እንደሄደች ሰማሁ። ስትመልሰው መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ «ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አዴ ሙሉ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ከፈትኩት። ከዚያ ገጽ ጀርባ፣ ከአንቀጹ ጎን፣ የጣት ቅባት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አብረን ሠራን። አንድም ቀን አላነሳችውም። ድንቹን መተውም አላቆመችም። ብትሰድበኝ ኖሮ ጉዳዩ ያልቅ ነበር፤ ዝም ስትል ግን በየቀኑ ትበልጠኛለች። መንግሥት ሲለወጥ ጎጆ ገብታ የራሷን ጋራዥ ከፈተች። የሄደች ዕለት ኦቦ ቶሌራ አለቀሰ። እኔ ጡረታ ስወጣ ሻይ ተፈልቶልኛል።

ለቅሶው ቤት ድንኳኑ ሞልቶ ከውጭም ሰው ቆሞ ነበር። ከሦስት ወረዳ የመጡ ሾፌሮች አሉ። በሞተው ባለቤቴ ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው የዚህ ግማሽ አይሆንም፤ ይህን እያሰብኩ ገባሁ። መዝሙር ዘምረው ሲጨርሱ ከዳር ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለጫልቱ ልጅ ስሜንና የአምቦዋ የግምጃ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ነገርኳት።

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። ስሜን ሰምቶ ነው። ወደ እኔ እስኪደርስ አላወቅሁትም።

«አዴ ሙሉነሽ፣ ፈይሳ ነኝ።»

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ይህቺ ናት» አላቸው። «ጫልቱ የነገረችኝ ይህቺ ናት። ከእስር በወጣሁ ማግስት ላመሰግናት ብሄድ፣ 'እኔ ሞተሩን ነው የሰማሁት፤ ብረት የነካው ነገር እንድፈልግ ከመጽሐፉ ያነበበችልኝ አዴ ሙሉነሽ ናት፤ ጓዶቹን ስለምትፈራ እንዳታወራው' አለችኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ እስከ ዛሬ አላወራሁም። ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ በጸሎቷ የሁለታችሁን ስም ትጠራ ነበር።»

በማግስቱ ነው የነገረችው። በማግስቱ መጽሐፉ ገና እኔ ዘንድ ነበር፤ ገና አላነበበችውም። ይህን ያሰብኩት ፈይሳ እጄን እንደያዘ ነው። ገጹን ሳታይ፣ ምን እንደደበቅኋት አውቃ ነበር ማለት ነው፤ አውቃም ይህን አለች።

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። አንድ ወጣት ተነስቶ ከፊት ወንበር ለቀቀልኝ። የጫልቱ ልጅ መጥታ ከአጠገቤ ተንበረከከች። የእናቷ ትከሻ ነው ያላት።

«እማማ» አለችኝ፣ «እናቴን ከሁሉ በፊት ያወቋት እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ይንገሩን።»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። መኪና እንዳያመልጠኝ አልኳት፣ ተነስቼም ወጣሁ።